ለሕሙማን መርጃ የሚሆን የጨርቅ ሥዕል አሠራር፦ ከጨርቅ መረጣ እስከ ርክክብ

ለሆስፒታል ወይም ለሕሙማን መርጃ ድርጅት ታስበው የሚሠሩ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሥዕሎች በብዛት የሚበላሹት በስፌት ችሎታ ማነስ አይደለም። ጨርቁ ሳይታጠብ ይቆረጥና በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ ቀዩ ቀለም ነጩ ላይ ይለቃል፤ በመሃል የገባው ባዘቶ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል፤ ወይም ሥራው አምሮ ካለቀ በኋላ ተቀባዩ ክፍል ሊያጥበው ስለማይችል መጋዘን ውስጥ ይቀራል። የብዙ እጆች ድካም እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ መብራትና ውኃ በፈረቃ በሚገኝበት ሁኔታ ውስጥ ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች ነው።

የምንሠራው ነገር ሦስት ንብርብር አለው፤ ከላይ በቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ በመሃል ስስ ሙሌት፣ ከሥር ደግሞ ገበር። ሦስቱ በአንድነት በስፌት ይያያዛሉ። በውጭው ዓለም ኩዊልት የሚባለው ይህ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ሲያልቅ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሥራ እንይዛለን።

1. መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ሥራው የት እንደሚያርፍ ይወስኑ

ሥራው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ወይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ተሸጦ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥዕል ነው፣ ወይ ሕመምተኛ የሚለብሰው ነው። ሁለቱን ማዳበል የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ነው። ለሽያጭ የሚሆነው ሳባ ክር፣ ጥለት፣ ዛጎልና ጨሌ ሊኖረው ይችላል፤ ሕመምተኛ የሚለብሰው ግን ምንም ዓይነት የሚነቀል ነገር ሊኖርበት አይገባም፣ በሙቅ ውኃና በጠንካራ ሳሙና ደጋግሞ መታጠብም መቻል አለበት።

ስለዚህ አስቀድመው ወደ ድርጅቱ ወይም ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱና የሚከተሉትን ይጠይቁ። የሚፈልጉት ዕቃውን ነው ወይስ ገንዘቡን? ዕቃውን ከሆነ በየትኛው ክፍል ይውላል፣ ልብስ የሚታጠበው በስንት ዲግሪ ነው፣ በረኪና ይጠቀማሉ ወይ? በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ ቀለም ያለው ጨርቅ ስለሚነጣና ስለሚዥጎረጎር ነጭ ጥጥ ብቻ ይዘው ይሥሩ፤ ንድፉን ከቀለም ይልቅ በማያያዣው ስፌት መስመር ያውጡት። የሽንት መፍሰስ ችግር ላለባቸው ሕመምተኞች፣ ለምሳሌ ለፌስቱላ ታካሚዎች የሚሰጥ ከሆነ፣ በየጊዜው ስለሚታጠብ ሙሌቱ ስስና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። በካንሰር ሕክምና ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሕፃናት ወዳሉበት ክፍል የሚገባ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ጨርቅ መግባት እንደሚችል የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ጨቅላዎች የአልጋ ልብስ አድርገው አይሥሩ። ልቅ የሆነ ድርብ ጨርቅ ሕፃኑ በተኛበት ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላል። ለጨቅላዎች ክፍል መርዳት ከፈለጉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይሥሩ።

ሥራው የሚሸጥ ከሆነ የአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ በግለሰብ ሒሳብ ሳይሆን በቀጥታ በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ፣ ገዢውም የድርጅቱን ደረሰኝ እንዲቀበል ይስማሙ። የጨርቅና የክር ወጪው ከሽያጩ ይነሣ እንደሆነ ወይም የእናንተ ልገሳ እንደሆነ፣ ሳይሸጥ ቢቀር ደግሞ ሥራው ለማን እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። በመግባባት ብቻ ተጀምረው በቅሬታ የሚያልቁ ሥራዎች ብዙዎቹ ይህች አንድ ገጽ የጎደለቻቸው ናቸው።

2. ጨርቁን ይሰብስቡና ይፈትኑ

በየሰፈሩ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉት ቁራጭ፣ የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሻጮች ጋ የሚተርፍ ጥለት፣ ያረጀ ግን ያልሳሳ የአልጋ አንሶላና ሸሚዝ ሁሉ ይሆናል። ለገበሩ አቡጀዴ ይግዙ። ችግሩ የሚመጣው ጥጥና ፖሊስተር ሲቀላቀሉ ነው፤ አንደኛው ሲኮማተር ሌላኛው ባለበት ስለሚቆይ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ለጥጥ በሚበቃ ሙቀት የተተኮሰ ፖሊስተርም ሊቀልጥ ይችላል።

የክር ፈተና፦ ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ሦስት ክር መዝዘው፣ ከደጅ በብረት ሳህን ላይ በክብሪት ያቃጥሉ። የወረቀት ሽታ ኖሮት በጣት ሲታሽ የሚበተን ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር አለበት፤ ለሕመምተኛ ከሚሆነው ክምር ያውጡት። አመድም ፍሬም ከታየ ድብልቅ ነውና ለግድግዳ ሥራ ብቻ ይዋል።

የቀለም ፈተና፦ ቁራጩን በሞቀ ውኃ አርሰው በነጭ ጨርቅ መሃል ያድርጉና በካውያ ይጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ከታተመ ለብቻው ደጋግመው ይጠቡትና እንደገና ይፈትኑት። ከሦስተኛው እጥበት በኋላም ከለቀቀ ይተዉት። በጨው ወይም በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ቀለም ያስይዛል የሚለውን ምክር አይመኑበት፤ በፋብሪካ የተነከረን ጨርቅ በአስተማማኝ ሁኔታ አያስይዘውም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሁልጊዜ ይፈተኑ፣ ቁራጩን የሰጠዎት ሰው የቱንም ያህል ቢያረጋግጥልዎ።

ለሙሌቱ ልቅ ባዘቶ አይጠቀሙ፤ ሲታጠብ ከቦታው ይሸሻል። ያረጀ ኩታ፣ ድርቡ ተፈትቶ የተነጠለ ጋቢ ወይም ስስ የፍላኔል አንሶላ ይሻላል። ቀዳዳ ካለበት ቀዳዳውን በመደረብ ሳይሆን ጠርዝ ለጠርዝ በማገናኘት ይጥቀሙት፤ ድርብርብ ከሆነ ከፊት በኩል አብጦ ይታያል።

3. ማጠብና መተኮስ

ሁሉም ጨርቅ፣ ገበሩና ሙሌቱ ጭምር፣ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ሥራው ወደፊት በ60 ዲግሪ የሚታጠብ ከሆነ አሁንም በዚያው ሙቀት ይታጠብ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ ጥጥ በሙቁ ጊዜ ገና ይኮማተራል። ሽቶ የሌለው ሳሙና ይጠቀሙ፤ ለታመመ ሰው ሽታ ይከብደዋል። ሸማ ከሆነ አይጭመቁት፤ ድሩ ይዛነፋል። ውኃው እንዲወርድ አድርገው ዘርግተው ያድርቁት።

ውኃ በሚመጣበት ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማጠብ ብለው ቀለማማውንና ነጩን አንድ ላይ አይዘፍዝፉ። በክረምት ጨርቁ በደንብ ሳይደርቅ ተጣጥፎ ካደረ ይሻግታል፤ የሻገተ ጨርቅ ደግሞ ወደ ሕሙማን ክፍል መግባት የለበትም። ደረቅ መሆኑን ለማወቅ በእጅዎ ሳይሆን በጉንጭዎ ይንኩት፤ ከቀዘቀዘዎት አልደረቀም።

ሳይተኮስ አይቁረጡ። መብራት ከሌለ የከሰል ካውያ ይሠራል፤ ሆኖም ከሰሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገድል ጋዝ አለውና ከደጅ ወይም በርና መስኮት ከፍተው ይተኩሱ፣ ብናኝ አመድ እንዳያርፍበትም ንጹሕ ጨርቅ ደርበው ይጫኑ። ካውያውን አያንሸራቱት፤ አንሥተው ይጫኑት። ማንሸራተት ጨርቁን በሰያፍ ይስበዋል።

4. ንድፉን በወረቀት ላይ ይጨርሱ

ንድፉ ከሦስት ሜትር ርቀት የሚለይ ይሁን፤ በሆስፒታል ግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል ብዙ ሰው የሚያየው ከአልጋው ላይ ሆኖ ነው። አደይ አበባ፣ ዋርካ፣ የእንጦጦ ሰንሰለት፣ ወፍ የመሳሰሉት በትልልቅ ቅርጽ ጥሩ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ስለሚተኙ፣ ተቀባዩ ካልጠየቀ በስተቀር የሃይማኖት ምልክት አያስገቡ። የታካሚን ፊት፣ ስም ወይም ታሪክ በሥራው ላይ ማሳየት ካሰቡ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለሕፃን ደግሞ የወላጁን ፈቃድ ያግኙ፤ ሥራው ከተሸጠ በኋላ የት እንደሚደርስም ፈቃድ ሲጠይቁ ይንገሩት።

ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጀርባ ወይም በተያያዘ ጋዜጣ ላይ ይሣሉ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በቁጥር ይሰይሙ።

5. መቁረጥ

ለምሳሌያችን በወርድ 4፣ በቁመት 5፣ በጠቅላላው 20 አራት ማዕዘኖች ያስፈልጋሉ። የእያንዳንዱ የሚታይ መጠን 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር የስፌት መግቢያ ስለሚጨመር የሚቆረጠው 21.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዙሪያው ወርዳቸው 11.5፣ ርዝመታቸው 101.5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 4 ጥብጣቦች ይቁረጡ፤ በዚህ ልኬት አራቱም እኩል ስለሚሆኑ መምታታት የለም።

ማዕዘኑን በአናጢ እስኳድራ ይለኩ። ምልክት የሚያደርጉት በጠመኔ ወይም በደረቀ የሳሙና ስባሪ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእጥበት ጊዜ ይሰራጫል። ሁልጊዜ የድሩን አቅጣጫ ተከትለው ይቁረጡ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በካርቶን ላይ ገልብጠው በዚያ ካርቶን ብቻ ሌሎቹን ይለኩ፤ አንዱን ጨርቅ በሌላው ጨርቅ መለካት ስህተቱን እያሳደገ ይሄዳል።

ሸማ ልል ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል። ከመቁረጥዎ በፊት ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚጠቀሙበትን፣ በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ገበር ከጀርባው ይለጥፉ። ከሌለ ሸማውን በስስ አቡጀዴ ላይ በእጅ ቱስ ቱስ አድርገው እንደ አንድ ጨርቅ ይቁረጡት። ለጥለቱም ተመሳሳይ ነው፤ ጥለቱ ከሸማው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያለ ደጋፊ ከተሰፋ ዳር ዳሩን ይስበዋል።

6. ፊቱን መገጣጠም

የማሽኑን መርፌ 80 ወይም 90 ቁጥር፣ የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ከመርፌው 7.5 ሚሊ ሜትር ለክተው በማሽኑ ሳህን ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ የጨርቁ ዳር ሁልጊዜ ያንን ይከተል። ይህች ፕላስተር ቀላል ብትመስልም የሥራው ግማሽ ናት። በአንድ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ቢስቱ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ጎን ስለሚበላ፣ 4 ስፌት ባለው ቁመት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ ረድፎቹም አይገናኙም። የእግር ማሽን ያላችሁ መብራት መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፣ ለዚህ ሥራ ከኤሌክትሪኩ አያንስም።

በመጀመሪያ ሁለት ቁራጭ ሰፍተው ይለኩ። ወርዱ 41.5 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ፕላስተሩን ያስተካክሉ እንጂ አይቀጥሉ። ከዚያ 5 ረድፎችን ለየብቻ ይስፉ። የመጀመሪያውን ረድፍ የስፌት መግቢያዎች ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና ወደ ቀኝ እያደረጉ ይተኩሱ፤ ረድፎቹ ሲገናኙ መጋጠሚያዎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ እብጠትም አይኖርም። ረድፎቹን ሲያገናኙ በየመጋጠሚያው ስፒል ይሰኩ።

ረድፉ ከሌላው ረዝሞ ቢያገኙት ከጫፉ አይቁረጡት። ትርፉ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ረዥሙን ከሥር አድርገው ይስፉ፤ የማሽኑ ጥርስ የሥሩን ስለሚሰበስብ ይስተካከላል። ከዚያ ከበለጠ ግን ስፌቱን ፈትተው ይለኩ። በመጨረሻ ሁለቱን የጎን ጥብጣቦች፣ ቀጥሎ የላዩንና የታቹን ይስፉ።

7. ምስሉን መለጠፍ

አበባውን ወይም ዛፉን በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትተው ይቁረጡ፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ይተኩሱና በተመሳሳይ ቀለም ክር በእጅ ይዘምዝሙት። ወደ ውስጥ በጎበጠው መስመር ላይ ትርፉን በጥቂቱ ይሰንጥቁት፣ አለበለዚያ አይታጠፍም። ተደራራቢ ከሆነ ከኋላ ያለው ይቀድማል።

ታካሚዎች ራሳቸው እንዲሰፉ ማድረግ ከተቻለ ለዚህ ደረጃ የሚተካከል የለም፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ቀስ ያለ ሥራ ነውና። የሚሰፋው ሰው ግን መፈለጉን ይጠይቁ፣ ሲደክመውም ሳይጨርስ እንዲያቆም ይፍቀዱለት። በዘነበ ወርቅ እንዳለው አለርት ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት የእጃቸው ነርቭ ስሜት ያጣ ሰዎች የመርፌ ውጋትም የካውያ ሙቀትም ላይሰማቸው ይችላል። እንዲህ ላሉት ጣት ላይ የሚጠለቅ የብረት ቆብና ረዘም ያለ መርፌ ይስጡ፣ ካውያውን ሌላ ሰው ይያዝ፣ ሥራው ሲያበቃም ጣቶቻቸውን አብራችሁ አይታችሁ ቁስል መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ።

መርፌና ስፒል በቁጥር ይውጡ፣ በቁጥር ይግቡ። ይህን በማስታወሻ ደብተር የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ።

8. ሦስቱን ንብርብር ማነባበር

ገበሩ 120 በ140፣ ሙሌቱ 115 በ135 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ንጹሕ ሊሾ ወለል ላይ ገበሩን ውስጡን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉና ዳር ዳሩን በፕላስተር ይለጥፉት፤ ይወጠር እንጂ አይሳብ። በጣም የተሳበ ገበር ፕላስተሩ ሲነሣ ተመልሶ ይሰበሰብና ፊቱን ያጨማድዳል። ሙሌቱን፣ በላዩም ፊቱን ያንጥፉ። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር እየሄዱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መርፌ ቁልፍ ይሰኩ። መርፌ ቁልፍ ካልበቃ በነጭ ክር ሰፋፊ የእጅ ስፌት ከመሃል ወደ አራቱ ጎን፣ ቀጥሎም በሰያፍ ይስፉ።

ፕላስተሩን ከማንሣትዎ በፊት ሁሉንም ገልብጠው ማየት ስለማይችሉ፣ በእጅዎ መዳፍ ከመሃል ወደ ዳር እየዳሰሱ የታጠፈ ነገር መኖሩን ይመርምሩ። የታጠፈ ካለ አሁኑኑ ይፍቱ። ከዚህ በኋላ ማስተካከል ሁለት እጥፍ ድካም ነው።

9. የማያያዣው ስፌት

መርፌው 90 ወይም 100፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ለሚታጠብ ሥራ 8 ይሻላል፣ ሙሌቱን በቦታው የሚይዘው ይህ ነውና። መጀመሪያ መሃሉን በቁመትና በወርድ ይስፉ፤ ከዚያ ወደ ዳር ይሂዱ። ከዳር ከጀመሩ ትርፉ ሁሉ መሃል ላይ ይጠራቀማል።

ከሥር ክሩ ተጠቅልሎ ቢጓጉል፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የላይኛው ክር በማሽኑ መወጠሪያ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንሥተው ክሩን እንደገና ያስገቡ። ስፌት እየዘለለ ከሆነ መርፌውን ይቀይሩ። ገበሩ ላይ ሽንሽን ከተሰፋ ከሽንሽኑ በፊትና በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈትተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ተኩሰው፣ በእጅ ይድገሙት። መብራት በመሃል ቢጠፋ መርፌውን በእጅ አሽከርክረው ያውጡትና ሥራውን ከማሽኑ ላይ ያንሡ፤ ተጎትቶ ያደረ ጨርቅ ቅርጹን ያጣል።

10. ጠርዝ፣ ማንጠልጠያና መለያ

አራቱን ጎን በእስኳድራ ይከርክሙ። ለጠርዙ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ተቀጣጥሎ 470 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ በቁመቱ አጥፈው ተኩሰው ከፊት በኩል ይስፉ፤ ወደ ጀርባ ገልብጠው በእጅ ይዘምዝሙ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ከጫፉ 7.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ያቁሙ፣ ጥብጣቡን ወደ ላይ ከዚያ ወደ ታች አጥፈው ይቀጥሉ።

የሚሰቀል ከሆነ ከጀርባው ራስጌ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚጠጋ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ቱቦ በእጅ ይስፉና የተላገ ቀጭን እንጨት ያስገቡ። በሁለት ማዕዘን ብቻ በሚስማር የተሰቀለ ሥራ ወገቡ ይወርዳል። ጥሬ እንጨት ጨርቅን ስለሚያወይብ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀቡት፣ በደንብ ይድረቅ።

ከጀርባው በስተታች ነጭ የጥጥ መለያ ይስፉ፤ የሥራው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠብ፣ ከፈቀዱ የሠሩት ሰዎች ስም። በክር ጥልፍ የተጻፈ ከቀለም ይልቅ ይቆያል።

11. ከማስረከብዎ በፊት

በማግኔት ሁለቱንም ገጽ ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ የመርፌውንም ቁጥር ከደብተሩ ያመሳክሩ። አንድ መርፌ ከጎደለ ሥራው ከቤት አይውጣ፣ የመጨረሻው ስፌት ተፈትቶም ቢሆን ይፈለግ። ለሕመምተኛ የሚሆነውን አንድ ጊዜ በሚታጠብበት ሙቀት አጥበው፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ በንጹሕ ላስቲክ ያሽጉት። ወጥ ቤት አጠገብ አይቀመጥ፤ የጢስና የቁሌት ሽታ ይይዛል።

ለሽያጭ የሚሆነውን አያጥፉት። በመርካቶ የጨርቅ ሱቆች ጣቃው ሲያልቅ የሚጥሉትን የካርቶን ቱቦ ለምነው ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉትና በላስቲክ ይሸፍኑት፤ በክረምት ከዳርቻ ሰፈር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃው ብዙ ነው። ዋጋ ሲያወጡ የዕቃውን ወጪ ጽፈው ከዚያ በታች እንዳይሸጥ በስምምነቱ ላይ ዝቅተኛ መነሻ ያስቀምጡ። ለገዢው የሚታይ አጭር ጽሑፍ አብረው ይስጡ፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ድርጅቱ ካረጋገጠልዎ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩበት።

ሲያስረክቡ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ይያዙ፣ ሥራውን በፊትም በጀርባም ፎቶ ያንሡ። ሳይሸጥ ከተመለሰ ቶሎ ዋጋውን አይቀንሱ፤ መጀመሪያ የታየበትን ቦታ ይመርምሩ፣ ብርሃን በሌለው ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ሥራ ገዢ አያይም። ለሁለተኛ ጊዜም ከተመለሰና ጨርቁ ሁሉ ጥጥ ከሆነ፣ ጌጡን ነቅለው፣ ማንጠልጠያውን ፈትተው፣ አጥበው ለሕመምተኛ እንዲውል ተቀባዩን ክፍል ይጠይቁ።